በጥቂት ገንዘብ የድሮ ሳንቲሞችን ስለ መሰብሰብ



የድሮ ገንዘብ መሰብሰብ ሲባል ብዙ ሰዎች የባለጠጎች ጨዋታ ይመስላቸዋል። እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ለዚህ ሥራ በወር የምመድበው ገንዘብ ከአንድ ደብተር ዋጋ አይበልጥም። ሆኖም ሦስት ዓመት ሙሉ ስሰበስብ ደስታው አንድ ቀን እንኳ አልጎደለብኝም። ምክንያቱም አንድ ሳንቲም ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው፤ አንደኛው ገበያ የሚሰጠው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ከላዩ ተነቦ የሚገኘው ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ኪስ ይጠይቃል፤ ለሁለተኛው ግን ዓይንና ትዕግሥት ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ዋጋ እንዴት ማግኘት እንደሚቻል በአጭሩ ላስረዳ።

1ኛ/ ከየት መጀመር ይገባል?

በእጃችን ካለው እንጀምር። ባለ 1፣ ባለ 5፣ ባለ 10፣ ባለ 25፣ ባለ 50 ሳንቲምና የአንድ ብር ሳንቲም አንድ አንድ ቢሰበሰቡ በላያቸው የተጻፈው ዋጋ ተደምሮ 1 ብር ከ91 ሳንቲም ብቻ ነው። ከዚህ የረከሰ ትምህርት ከቶ የት ይገኛል? ጥቃቅኖቹ ሳንቲሞች ዛሬ በገበያ ብዙም አይታዩም፤ ነገር ግን በየቤቱ በጣሳ፣ በመሳቢያና በአሮጌ ቦርሳ ውስጥ ተረስተው ይገኛሉ። እኔም የመጀመሪያዎቹን ያገኘሁት ለጎረቤቶች ቤት በማጽዳት ሳግዝ ጠይቄ ነው።

ሳንቲሙን ካገኛችሁ በኋላ አንብቡት። በብዙዎቹ ላይ ፲፱፻፷፱ የሚል ታገኛላችሁ። ፲፱ አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ፻ መቶ ነው፤ ፷፱ ስድሳ ዘጠኝ ነው፤ ስለዚህ 1969 ዓ.ም. ማለት ነው። የግእዝ ቁጥር ማንበብ የተማርሁት በዚህ መንገድ ነው። ቀጥሎ ሥዕሉን ተመልከቱ። በአንድ ሳንቲሙ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ፤ በአሥር ሳንቲሙ ላይ በአገራችን ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን አለ፤ በ2002 ዓ.ም. በተቀረጸው የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ደግሞ ሚዛን አለ።

ለፊዚክስ ወዳጆች አንድ ፈተና ልጨምር። የ1969ኙን አምስት ሳንቲም ወደ ማግኔት አቅርቡት፤ ናስ ስለ ሆነ አይሳብም። ፲፱፻፺፮ የሚል የተጻፈበትን አምስት ሳንቲም ብታቀርቡት ግን ይጣበቃል፤ ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ በናስ የተለበጠ ነውና። ሁለቱ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፤ ሲፈተኑ ግን የተለያዩ ናቸው።

2ኛ/ ስሞቻቸው የሚነግሩን ታሪክ

ሳንቲም ባይገኝ እንኳ ስሙ ይሰበሰባል፤ ለዚህ ምንም ገንዘብ አያስፈልግም። ሽማግሌዎች ሃምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ይሉታል። ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ፣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የእንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ በአገራችን ይሠራበት ነበር። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ፤ ስለዚህ የብሩ ግማሽ ሽልንግ ተብሎ ቀረ። «ብር» የሚለውም ስም ከማዕድኑ ከብር የመጣ ነው፤ ዛሬ ገንዘቡ ወረቀት ቢሆንም ስሙ አልተለወጠም። ልጆችም ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረውሩ «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ይላሉ። ዘውዱ ከሳንቲም ላይ ከወረደ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ጎፈሩ ግን በአንበሳው ራስ ላይ እስከ አሁን አለ።

3ኛ/ በሳንቲም ላይ ያለ ዓመት ሁሉ የተሠራበት ዓመት አይደለም

ይህ ገንዘብ ቆጣቢ ሰብሳቢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ትልቅ ትምህርት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መልክ ያለባቸው ሳንቲሞች ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት አላቸው፤ ነገር ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዙ ለብዙ ጊዜ ተቀርጸዋል። ከእነርሱ መካከል ሃምሳው ብር ነበር፤ የቀሩት መዳብ ናቸው። የሃያ አምስቱ ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል የተሸረሸረ ሆኖ ብታገኙት አይግረማችሁ። ክቡ ስሙኒ መጠኑ ከሃምሳው ጋር ስለ ተቀራረበ፣ አታላዮች ብር እየቀቡ እንደ ሃምሳ ያሳልፉት ነበርና ጠርዙ ተለወጠ።

ማርትሬዛ የሚባለውም ጠገራ ብር እንደዚሁ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። በላዩ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 ይላል፤ ይኸውም የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከሞተችም በኋላ ያው ዓመት ሳይለወጥ በቪየና፣ በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎችም ከተሞች ሲመታ ኖረ። በ1927 ዓ.ም. ጣሊያኖች አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጁ ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስደው በሮማ ቀጠቀጡት። እንግዲህ «ይህ ብር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነጋዴ ቢያጋጥማችሁ ከአያቶቻችን ዕድሜ ያነሰ ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ስለ ጠገራ ብር ከተነሣ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሲሠሩበት ስለ ኖሩ በየጊዜው እያነሰ ሄዷል። አያቴም በክር ተሰክቶ በአንገታቸው የሚያስሩት አንድ ጠገራ ነበራቸው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ ቤታችንን ዘግተን ወጣን፤ በተመለስን ጊዜ ሣጥኑም ጠገራውም አልነበረም። ብሩን መመለስ አይቻልም፤ ነገር ግን ከማን እንደ ወረሱት፣ በየትኛው ሠርግ እንዳሰሩት አያቴ ነግረውኝ በደብተሬ ጽፌዋለሁ። የሳንቲሙ ታሪክ እንዲህ ከተጻፈ ሳንቲሙ ቢጠፋም ታሪኩ ይቀራል፤ ካልተጻፈ ግን ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ።

4ኛ/ ከሳንቲም በፊት የነበረ ገንዘብና የማይገዛ ገንዘብ

አገራችን ሰሜን ወሎ በገንዘብ ታሪክ የራሱ ቦታ አለው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በዚያን ጊዜ አንጎት በሚባለው በእኛው አካባቢ ሕዝቡ በብረት ቁራጭ ይገበያይ እንደ ነበር ጽፏል። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨውም እንደ ገንዘብ ብዙ ዘመን አገልግሏል። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ የአክሱም ነገሥታት ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ገንዘብ ያሠሩ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ሲሆን በገንዘቡ ላይ የነበረው ጨረቃ ቀርቶ መስቀል ተተካ፤ ስለዚህ የእምነቱ ለውጥ በትንሽ መዳብ ላይ እንኳ ይነበባል።

ወዳጆቼ፣ እንዲህ ያለ ጥንታዊ ገንዘብ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እንኳ አትግዙ። በእርሻ ወይም በቁፋሮ ቢገኝም የአገር ቅርስ ነውና፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ መሠረት ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መነገር አለበት። ከተገኘበት ቦታ ተነሥቶ በስውር የተሸጠ ገንዘብ ግማሽ ታሪኩን ያጣል።

5ኛ/ አያያዝ

ሀ/ ሳንቲምን በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አትሹት። ያበራል፤ ነገር ግን ፊደሉ ይፋቃል፤ አዋቂ ሰብሳቢም ይንቀዋል።
ለ/ ስትይዙት በጠርዙ ያዙ፤ የእጅ ላብ መዳብን ያጠቁራል።
ሐ/ እያንዳንዱን በንጹሕ ወረቀት ፖስታ ለብቻው አስቀምጡ፤ ፖስታውን ከደብተር ወረቀት አጥፎ መሥራት ይቻላል። ቦታው ደረቅ ይሁን።
መ/ በደብተር አራት ዓምድ አስምሩና ዓመቱን፣ ማዕድኑን፣ የተገኘበትን ቦታና የሰጣችሁን ሰው ጻፉ። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።
ሠ/ ድርብ ያላችሁን ከጓደኛ ጋር ተለዋወጡ፤ ያለ ገንዘብ ሁለታችሁም ትከብራላችሁ።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ በሦስት ዓመት አርባ ሦስት ሳንቲሞች ሰብስቤአለሁ። ቢሸጡ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ አያወጡም፤ ነገር ግን የመንግሥታትን መለዋወጥ፣ የግእዝን ቁጥርና የአያቶቼን ዘመን ያስተማሩኝ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ በመጪው ክረምት እናንተም አያቶቻችሁን ጠይቁ፤ ከመርሳም ሆነ ከሐብሩ ገጠር የመጣችሁ ተማሪዎች በየቤታችሁ ያለውን የድሮ ገንዘብ መዝግባችሁ መስከረም ላይ ይዛችሁ ብትመጡ፣ ደብተሮቻችንን አጋጥመን የአካባቢያችንን የገንዘብ ታሪክ በጋራ መጻፍ እንችላለን።