ልጅነት የሚያልቀው መቼ ነው?
(ስለ ሁለት የካርቱን ፊልሞችና ስለ ፎገራ ሜዳ ልጆች አስተዳደግ የቀረበ አጭር ጥናት)

ስለ ዕድገት በተነገረ ቍጥር የሚነሣው የአገር ዕድገት ነው። መንገድ ተሠራ፥ ትምህርት ቤት ተከፈተ፥ እርሻው ይህን ያህል ኩንታል ሰጠ ይባላል። የሰው ልጅ ራሱ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት እንዴት እንደሚሻገር ግን እምብዛም አንወያይበትም፤ ጕዳዩ የእናቶችና የአያቶች፥ ቢበዛም የንስሐ አባት ይመስለናል። እኛ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ተማሪዎች አብዛኞቻችን ከይፋግ፥ ከወረታና ከአዲስ ዘመን አካባቢ የመጣን ነን። ስለ ማደግ የተሠሩ ሁለት የካርቱን ፊልሞችን በመኝታ ቤታችን ተሰብስበን ካየን በኋላ ብርቱ ክርክር ተነሣ፤ ክርክሩንም መልክ አስይዘን ለጓደኞቻችን ማቅረብ የሚጠቅም መስሎ ታየን።

ጥያቄዎቻችን ሦስት ናቸው። ፊልሞቹ ስለ ማደግ ምን ያስተምራሉ? ሳይናገሩት የሚያልፉት ነገር ምንድን ነው? ትምህርታቸው ለፎገራ ልጅ፥ ይልቁንም ለሴት ልጅ፥ ይሠራል ወይ? በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ሀ/ ፊልሞቹ የሚያስተምሩት

የመጀመሪያው ፊልም ኢንሳይድ አውት ይባላል። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2015 ያወጣው ሲሆን አዘጋጁ ፒት ዶክተር ነው፤ አሳቡን ያገኘውም የገዛ ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናት ዝም ዝም ማለቷን አይቶ እንደ ሆነ ተናግሯል። ታሪኩ ቀላል ነው። ራይሊ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ካደገችበት ከሚኒሶታ ወላጆቿ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይዘዋት ይሄዳሉ። ቤቱ፥ ትምህርት ቤቱ፥ ጓደኛው፥ ምግቡ ሳይቀር ይለወጥባታል። ፊልሙ በውጭ የሚሆነውን ብቻ አያሳይም፤ በልጅቱ አእምሮ ውስጥ ገብቶ ደስታን፥ ኀዘንን፥ ቍጣን፥ ፍርሀትንና መጸየፍን እንደ ሰው ሥሎ በአንድ መቈጣጠሪያ ሰሌዳ ዙሪያ ሲከራከሩ ያሳየናል። ይህ እንዲያው የልብ ወለድ ጨዋታ አይደለም። ፖል ኤክማንና ዳከር ኬልትነር የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ለሥራው ምክር ሰጥተዋል። ኤክማን ከመሠረታዊ ስሜቶች መካከል መደነቅንም ይቈጥር ነበር፤ ፊልሙ ግን እርሱን ትቶ አምስቱን ይዟል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር የኀዘን ሥራ ነው። ደስታ ኀዘንን ከሰሌዳው ልታርቃት ትጥራለች፤ ልጅቱ ምን ጊዜም እንድትስቅ ትፈልጋለችና። ነገር ግን ኀዘን በተከለከለችበት ቤት ደስታም አልቀረችም። ልጅቱ ምንም የማይሰማት ትሆናለች፤ ወደ ቀድሞ አገሯ ልትኰበልል አውቶቡስ ትሳፈራለች። ከአውቶቡሱ የሚያወርዳት ኀዘን ነው። ወደ ቤቷ ተመልሳ በወላጆቿ ፊት ስታለቅስ ያን ጊዜ ያቅፏታል። ኀዘን ሰውን ወደ ሰው የሚጠራ ስሜት ነው ማለት ነው።

ይህን ትምህርት የእኛ ሕዝብ አያውቀውም ለማለት አይቻልም። ሞት በደረሰበት ቤት ድንኳን ይተከላል፥ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፥ ኀዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ኑሮው ለተለወጠበት ሕፃን ግን የሚተከል ድንኳን የለም። አያቱ ቤት ለትምህርት የተሰጠ ልጅ ሲያለቅስ የሚሰማው ቃል «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ነው፤ ልጃገረድ ስታለቅስም «ትለምደዋለች» ይባላል።

ሁለተኛው ፊልም የዚሁ ተከታይ ሲሆን በ2024 ወጣ፤ አዘጋጁ ኬልሲ ማን ነው። ራይሊ አሁን 13 ዓመት ሆኗታል። ጭንቀት፥ ቅናት፥ ሐፍረትና መሰልቸት እንደ አዲስ እንግዶች ይመጣሉ። ጭንቀት ክፉ ስሜት ሆና አልቀረበችም፤ ልጅቱን ከነገ አደጋ ለማዳን የምትደክም ናት። ነገር ግን ሰሌዳውን ብቻዋን ስትይዝ ልጅቱ የቀድሞ ጓደኞቿን ትታ ለታላላቆች ለመወደድ ትሯሯጣለች፥ በመጨረሻም ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ትሸበራለች። መፍትሔው የሚገኘው ደስታ መልካም መልካሙን ትዝታ ብቻ መርጣ የሠራችው ማንነትም፥ ጭንቀት የሠራችው ማንነትም ሙሉ አለመሆናቸው ሲታወቅ ነው። ሰው የመልካሙም የክፉውም ትዝታ ድምር ነው።

የዛሬው ሳይንስ ይህን ይደግፋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጉርምስናን ዕድሜ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያደርገዋል። በዚህ ዕድሜ ስሜትን የሚያነሣሣው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይበረታል፤ የሚያመዛዝነውና ልጓም የሚይዘው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ ዓመታት አጋማሽ ድረስ አይጠናቀቅም። እንግዲህ የ13 ዓመት ልጅ በቁመት ብትረዝምም የዕድሜ ልክ ውል የምትዋዋልበት ሚዛን ገና በእጇ የለም። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገን ይያዝልን።

ለ/ ፊልሞቹ ሳይናገሩት የሚያልፉት

በክርክራችን ከመካከላችን አንዱ «ይህች ልጅ ሦስት ነገር በነፃ ተሰጥቷታል» አለ። እውነትም ሦስት ነገር አላት። አንደኛ ጊዜ አላት፤ ለማደግ የሚቸኵልባት የለም። ሁለተኛ ስፍራ አላት፤ ትምህርት ቤት፥ ጨዋታ፥ የራሷ ክፍል። ሦስተኛም «ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው አላት። ፊልሞቹ እነዚህን እንደ አየርና እንደ ውሃ በየስፍራው የሚገኙ አድርገው ያልፏቸዋል። ነገር ግን አሜሪካዊው ስታንሊ ሆል ስለ ጉርምስና ሰፊ መጽሐፉን ያሳተመው በ1904 ነው፤ ጉርምስና ራሱን የቻለ የሕይወት ክፍል ሆኖ በሰፊው መጠናት የጀመረው በትምህርት ቤት መስፋፋት ዘመን ነው።

ስለ አገራችንም ዶናልድ ሌቪን በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ በአማራው ገበሬ ዘንድ ጉርምስና የተለየ ዘመን ሆኖ ብቅ ያለው ከዘመናዊ ትምህርት ጋር መሆኑን ተከራክሯል። እኛ በዚህ በከፊል እንስማማለን፥ በከፊልም አንስማማም። «ጎረምሳ» እና «ኮረዳ» የሚሉት ቃላት ከትምህርት ቤት አልመጡም፤ የቈዩ ናቸው። ዕድሜው ይታወቅ ነበር። የጎደለው ዕድሜው የሚኖርበት ጊዜ ነበር፤ ይኸውም ለሁሉም እኩል አልጎደለም።

ሐ/ በይፋግና በፎገራ ልጅ እንዴት ያድጋል?

አርኖልድ ቫን ጌኔፕ በ1909 ባሳተመው ጥናት ሰው ከአንድ ዕድሜ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ሥርዓት በሦስት ይከፍለዋል፤ ከቀድሞው መለየት፥ የመካከል ጊዜ፥ ወደ አዲሱ መቀላቀል። ይህን መለኪያ ይዘን አገራችንን እንይ።

የቆሎ ተማሪን እንውሰድ። ልጁ ለምድ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ ከቤቱ ይወጣል፤ ይህ መለየት ነው። ከዚያ በደቡብ ጎንደር ውስጥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፥ ወይም ወደ ሌላ ደብር ሄዶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ እየለመነ፥ ከውሻ እየታገለ ለዓመታት ይማራል። የመካከል ጊዜው ረጅምና መራራ ነው፥ ግን ጊዜ ነው፤ በዚያ ውስጥ ይሳሳታል፥ ይጣላል፥ ይቀኛል፥ ራሱን ያገኛል። በመጨረሻ መሪጌታ ተብሎ ይቀላቀላል። እረኛውም እንዲሁ ከብት ከመጠበቅ ሞፈርና ቀንበር እስከ መያዝ፥ ከዚያም እስከ ጋብቻ የጎረምሳ ዓመታት አሉት።

ወደ ሴት ልጅ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል፤ ሰርጉ ይቈረጣል፤ በአንድ ቀን ከአባቷ ቤት ወጥታ በዚያው ቀን ወደ አማቷ ቤት ትገባለች። መለየትና መቀላቀል በአንድ በቅሎ ላይ ተጭነው ይሄዳሉ፤ የመካከል ጊዜ የሚባል የለም። ራይሊ በሁለት ፊልም የተሻገረችውን ወንዝ የእኛዋ ልጅ በአንድ ሌሊት ትሻገረዋለች።

ወላጆች ጨካኞች ስለ ሆኑ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። አባት «ሳልሞት ወግ ማዕረጓን ልይ» ይላል፤ እናት «ቆማ ቀረች» የሚለውን ስድብ ትፈራለች፤ ሁለቱ ወገኖች በዝምድና መደጋገፍ ይፈልጋሉ። ምክንያቱ ፍቅርና ፍርሀት የተደባለቁበት ነው። የፊልሙን ቋንቋ ብንዋስ፥ በብዙ የገበሬ ቤት ሰሌዳውን የያዘችው ጭንቀት ናት፤ ልጅቱን ከነገ አደጋ አድናለሁ ስትል ዛሬዋን ትወስድባታለች።

በዚህ መካከል የሜዳው ኑሮ በብዙ ተለውጧል። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን የነጋዴ ቅፍለት የሚያርፍባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መኪና አቋርጧት ይሄዳል። ከሁሉ የበለጠው ለውጥ ሩዝ ነው። ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ቀድሞ በፎገራ ከብት የታወቀ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩዝ ተሞከረ፤ በኋላም የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ረድተው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ተስፋፋ። አሁን ሩዝ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ ይደባለቃል፥ ለጠላም ይሆናል፤ ወረታ መፈልፈያ ወፍጮዎች ያሏት፥ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኝባት ከተማ ሆናለች።

ይህ ለልጅ ምን አመጣ? ግጦሹ ጠብቦ እረኝነት ሲቀንስ የሩዝ አረም ግን እጅግ ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሆነ፤ ወፍ ለመጠበቅም ልጆች ወንጭፍ ይዘው ማማ ላይ ይውላሉ። አረሙ የሚበረታው በክረምት ትምህርት በሚዘጋበት ጊዜ መሆኑ ለተማሪ በጀ፤ መስከረም ሲጠባ ግን አረሙም ደብተሩም አንድ ልጅ ይሻማሉ። ከሩዙ የሚገኘው ብር ደግሞ ሁለት መንገድ አለው፤ ለደብተርና ለቤት ኪራይ ሊሆን ይችላል፥ ለትልቅ ሰርግም ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ለውጥን ያፋጥናል እንጂ አቅጣጫውን አይመርጥለትም። ይህ የጥናታችን ዋና ነጥብ ነው።

መ/ ሕጉና ሥራው

የ1960ው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ2003 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። የ2004ቱ የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን የሚያገባውን ይቀጣል፤ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች ቅጣቱ እስከ ሰባት ዓመት እስራት ይደርሳል። ሕጉ ጥሩ ነው። ሆኖም በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ።

ከሕግ ሌላ ምን ይሠራል? ከባሕር ዳር ብዙ በማይርቀው በሞሰቦ ቀበሌ ከ2004 እስከ 2006 ብርሃን ሔዋን የተባለ ሥራ ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች በየቡድናቸው እየተሰበሰቡ ከአንዲት ሴት መካሪ ጋር ይወያያሉ፤ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፤ ወላጆች ልጃቸውን በሁለቱ ዓመት ሳይድሩ ከቈዩ አንዲት ፍየል ያገኛሉ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ውጤቱ አስደናቂ ነበር፤ የመዳር ዕድላቸው ሥራው ካልነበረበት ቀበሌ ልጆች በ90 በመቶ ያነሰ ሆነ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ላይ ግን እንዲህ ያለ ውጤት አልታየም፤ እንዲያውም ከሌላው ቀበሌ ይልቅ ብዙዎቹ አገቡ። ጋብቻው ዘግይቶ እንጂ ቀርቶ አልነበረም። ልብ ብለን ካየነው ሥራው ለልጃገረዶቹ የሰጠው እነዚያኑ ሦስቱን ነገሮች ነው፤ ጊዜ፥ ስፍራና «ምን ሆንሽ?» የሚል ሰው።

በገዛ ፎገራ ወረዳችንም ምሳሌ አለ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ በ1972 የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ወንድና ሴት ሥራ የሚካፈሉበት፥ ያለዕድሜ ጋብቻም የማይፈቀድበት ነው። በካርቱንም ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ ብሩክታዊት ጥጋቡ የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ጥበብ ገርልስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ሦስት ልጃገረዶችን ጀግና አድርጎ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻና ስለ ወር አበባ በአማርኛ እንዲናገሩ አድርጓል። የራይሊ ፊልም ልብን ያስረዳል፤ ይህኛው ደግሞ ልቡ የሚያድግበትን ቤት ይጠይቃል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ሠ/ ማጠቃለያ

እንግዲህ ልጅነት የሚያልቀው መቼ ነው? ቁመት ሲረዝም አይደለም፤ ሽማግሌ ሲላክም አይደለም። ልጅ ሰሌዳውን ራሱ ይዞ ስሜቶቹን ማመዛዘን ሲችል ነው፤ ይህም ዓመታት ይፈልጋል። ከመካከላችን ክረምት ወደ ቤቱ ተመልሶ ታናሽ እኅቱን ተድራ ያላገኘ፥ ወይም የክፍል ጓደኛው ከሰባተኛ ክፍል የቀረችበት ጥቂት ነው። እኛ እዚህ የደረስነው የመካከል ጊዜ የሰጠን ሰው ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ንግግር ከማድረጋችን በፊት ሦስት ሥራ እንሥራ እንላለን። አባቶቻችንን በአክብሮት ቀርበን የሚያስፈራቸው ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ፤ ፍርሀቱ ሳይታወቅ ሕግ መጥቀስ በር ያዘጋልና። ከሩዙ ብር የእኅታችን የትምህርት ድርሻ አዝመራው ሳይሸጥ ተለይቶ እንዲቀመጥ በቤተ ዘመድ ፊት እናስወስን። እኅቶቻችንንም ለብቻቸው አስቀምጠን «ምን ሆንሽ? ምን ትፈልጊያለሽ?» እንበላቸው፤ መልሱንም ሳናቋርጥ እንስማ። የመጨረሻው ገንዘብ አይጠይቅም፥ ፊልምም አያስፈልገውም።