የግንኙነት ማንነት በሁለት ምስክር፦ በትእዛዝ መስመር የዳታቤዝ ደንበኛ የግንኙነት ዝርዝርን ስለ ማረጋገጥ

መግቢያ

በትእዛዝ መስመር ከዳታቤዝ ጋር የሚሠራ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ሁለት መስኮቶችን ጎን ለጎን ይከፍታል፤ አንዱን ለሙከራ፣ ሌላውን ለዋናው መረጃ። ሁለቱ ዳታቤዞች አንድ ስም ከያዙ መስኮቶቹን በዓይን መለየት ያዳግታል። ስሌቱ በተሳሳተው ቅጂ ላይ ከተሠራ ውጤቱ ይዛባል፤ የስረዛ ትእዛዝ በዋናው ላይ ካረፈ ደግሞ የወራት ድካም ይጠፋል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ፖስትግሬስኪውኤልን በምሳሌነት በመውሰድ የግንኙነት ማንነት እንዴት እንደሚረጋገጥ ያሳያል።

የችግሩ ምንጭ

ፒኤስኪውኤል የተባለው ደንበኛ ፕሮግራም ዝርዝር ሳይሰጠው ሲጠራ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። በቅድሚያ በሼሉ ውስጥ የተቀመጡ እሴቶችን ይመለከታል። እነርሱ ከሌሉ ፖርቱን 5432 ያደርጋል፤ የተጠቃሚውን ስም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ፣ የዳታቤዙን ስም ደግሞ ከተጠቃሚው ስም ይወስዳል። በመሆኑም ቀደም ሲል ተቀምጦ የተረሳ የሰርቨር አድራሻ ሳይታሰብ ሥራ ላይ ሊውል ይችላል። ፕሮግራሙ ትእዛዝ ሲጠብቅ በመስመሩ መነሻ ላይ በተለምዶ የሚያሳየው የዳታቤዙን ስም እንጂ የሰርቨሩን አይደለም።

የዚህ ዓይነቱ መምታታት ጉዳት በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ የጊትላብ መሐንዲስ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ሰርቨር የዳታቤዝ ማውጫ ሰረዘ፤ የ6 ሰዓት ያህል መረጃም ጠፋ። ትእዛዙ የተሰጠው በሼል ቢሆንም መንስኤው ያው ነው፦ ሠራተኛው የት እንዳለ አለማረጋገጡ።

የደንበኛው ምስክርነት

በፒኤስኪውኤል ውስጥ ባክስላሽ ተቀድሞ «ኮንኢንፎ» ሲጻፍ የዳታቤዙ ስም፣ ተጠቃሚው፣ ሰርቨሩ ወይም ሶኬቱ እንዲሁም ፖርቱ ይታያሉ። ከ18ኛው ዕትም ጀምሮ መልሱ በሠንጠረዥ መልክ፣ ከቀድሞው ሰፋ ብሎ ይቀርባል። በማይኤስኪውኤል ደንበኛ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጠው «ስታተስ» የተባለው ትእዛዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች የማይኤስኪውኤል ደንበኛ «ሎካልሆስት» የሚለውን ስም ሲያገኝ በሶኬት ይገናኛል፤ የተሰጠውንም የፖርት ቁጥር ችላ ይላል። በሌላ ፖርት ወደ ሩቅ ሰርቨር የተገናኘ የመሰለው ተመራማሪ ከራሱ ኮምፒውተር ዳታቤዝ ጋር ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

የሰርቨሩ ምስክርነት

ደንበኛው የሚናገረው በራሱ በኩል የሚያውቀውን ነው። ግንኙነቱ በኤስኤስኤች በኩል ተላልፎ ከሆነ አድራሻው የቅርቡ ኮምፒውተር ሆኖ ይታያል፤ መረጃው ያለው ግን በሩቁ ሰርቨር ነው። ስለዚህ ሰርቨሩም መጠየቅ አለበት። «ኢኔት-ሰርቨር-አድር» የተባለው ፈንክሽን ሰርቨሩ ግንኙነቱን የተቀበለበትን አድራሻ ይመልሳል፤ በሶኬት ለተደረገ ግንኙነት ግን መልሱ ባዶ ነው። የኤስኤስኤች መስመሩ ዳታቤዙ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ካበቃም መልሱ 127.0.0.1 ሊሆን ስለሚችል ሰርቨሩን ከሌላው አይለይም።

በዚህ ጊዜ «ፒጂ-ኮንትሮል-ሲስተም» የሚሰጠው የሲስተም መለያ ቁጥር ይረዳል። ቁጥሩ ዳታቤዙ የሚኖርበት ማከማቻ መጀመሪያ ሲፈጠር ይሰጣል፤ በመሆኑም ራሱን ችሎ በተፈጠረ ማከማቻ ላይ የተገለበጠ የሙከራ ቅጂ የተለየ ቁጥር ይኖረዋል። ዋናውን በቀጥታ እየተከተለ የሚገለብጥ ተጠባባቂ ግን ቁጥሩን ስለሚጋራ «ፒጂ-ኢዝ-ኢን-ሪከቨሪ» በሚለው ፈንክሽን ይለያል፤ መልሱ «እውነት» ከሆነ ሰርቨሩ ተጠባባቂ ነው።

ማጠቃለያ

የመስመሩ መነሻ ተጠቃሚውን፣ ሰርቨሩንና ፖርቱን እንዲያሳይ በፒኤስኪውኤል የማስጀመሪያ ፋይል ማስተካከል ይቻላል፤ ይህ የዘወትር ማስታወሻ ይሆናል። ሆኖም እርሱም የደንበኛው ቃል ብቻ ነው። መረጃን ከሚለውጥ ትእዛዝ በፊት የሁለቱን ወገኖች ምስክርነት ማስተያየት፣ ከጥናቱ ውጤት ጋርም የሲስተም መለያ ቁጥሩን መዝግቦ ማቆየት፣ ስሌቱ በየትኛው መረጃ ላይ እንደተሠራ ኋላ ለሚጠይቅ አንባቢ መልስ ይሰጣል።