ማርክ የማይያዝበት ነገር

ለእህቴ ልጅ፣

ባለፈው እሑድ በእናትሽ ስልክ ስናወራ፣ «ዕረፍት ሲደወል ላይብረሪ ነው የምገባው፤ ሌላ የምሄድበት የለኝማ» ያልሽኝ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ነው። ጥፋት የምትናዘዢ ነበር የምትመስዪው። ከወልድያ ወደ ደሴ ተዛውረሽ፣ ዘጠነኛ ክፍል ማንንም ሳታውቂ ገብተሽ፣ ገና ሁለት ወርሽ ነው። እኔ ደግሞ 27 ዓመት የትምህርት ቤት ላይብረሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንዳንቺ ያሉትን በር ላይ ስቀበል ነው ፀጉሬ የሸበተው። በስልክ ያልጨረስኩትን በወረቀት ልጨርስልሽ። ቁጥር የሰጠሁት እናትሽ «እሷ ስትጽፍ ነገር ትቀላቅላለች» ስለምትል ነው።

1. መደበቂያ ስላገኘሽ አትፈሪ። ግቢ ውስጥ ብቻዋን የቆመች ልጅ ታስታውቃለች፤ ሁሉም ዞር እያለ ያያታል። ላይብረሪ ውስጥ ግን ብቻ መቀመጥ ደንብ ነው፣ ዝም ማለትም ደንብ ነው፤ ማንም «ምን ሆነሽ?» አይልሽም። መጽሐፍ ዘርግተው ሩብ ሰዓት ሙሉ አንድ ገጽ የማይገልጡ ልጆች ስንቱን አየሁ። እያነበቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጠይቄያቸው ግን አላውቅም። ደግሞ ልብ በዪ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ የምትቀመጥ ሌላ ልጅ ትኖራለች። አንድ ቀን ላጲስ ትለምንሻለች። ከዚያ የበለጠ መግቢያ አያስፈልግም።

2. ማርክ የማይያዝበት አንድ ነገር ይኑርሽ። ከሌላው ሁሉ ይህችን ብቻ ብትይዢልኝ ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤት የምትሠሪው ሁሉ ይታረማል፤ የቤት ሥራው፣ ፈተናው፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ደግሞ ደረጃው። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው አራት እንኳ አልሞሉም። ያን ሰሞን የጎረቤት ልጆች ከቤት አልወጣም ብለው ሲከርሙ አይቻለሁ። ከውጤት ሌላ ምንም የሌለው ልጅ፣ ውጤቱ ሲበላሽ የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል።

እና ማንም የማይጠይቅሽን መጽሐፍ አንብቢ። ማስታወሻ አትያዢበት። ገጽ 40 ላይ ከሰለቸሽ ተዪው፤ ደራሲው አይቀየምሽም። «በዓመት ስንት መጽሐፍ?» የሚል ውድድር ቢመጣም አትመዝገቢ፤ ያም ማርክ ነው፣ ስሙን ቀይሮ የመጣ።

3. ላይብራሪያኗን ልመጂያት። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት ልብ ወለዶቹን ሁሉ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነበር የምውለው። ክፋት አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቆጠራ አለ። የንብረት ክፍሉ ሰው መዝገቡን ይዞ ይመጣል፤ የጎደለ ካለ ከደመወዜ ይቆረጣል። አንድ ዓመት የስድስት መጽሐፍ ዋጋ ከፍያለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም መጽሐፍ አልጠፋብኝም፤ አንድም ግን አልተነበበም። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስት ቅጂ ነበረን፣ ሦስቱም ከማተሚያ ቤት እንደወጡ። አቧራቸውን እየጠረግሁ እኮራ ነበር።

ልቤን ያስለወጠኝ አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ነው። ለቆጠራ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ዞር ስል አንዱን ቅጂ ሹራቡ ውስጥ ከተተ። አይቼዋለሁ። ለምን ዝም እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለቆጣሪው «መምህራን ክፍል ነው» ብዬ ዋሸሁ። በዘጠነኛው ቀን ልጁ መጽሐፉን መልሶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሮጠ። ሽፋኑ እንዳይጎዳ በጋዜጣ ለብዶታል።

ቁልፉን ከአንገቴ ያወረድኩት በዚያ ሳምንት ነው። መጽሐፍ አልጠፋም አልልሽም፤ ጠፍቷል። የወንጀል ልብ ወለድ አንድ ነበረን፣ የመጨረሻዎቹ አራት ገጾች ተገንጥለው ጠፉ። አንዷ ልጅ ገዳዩን ራሷ መርጣ መጨረሻውን በደብተር ወረቀት ጽፋ በስቴፕለር አያያዘችው። ቀጥሎ ያነበበው ልጅ አልተስማማም፤ የራሱን ጻፈ። ጡረታ ስወጣ መጽሐፉ አምስት መጨረሻ ነበረው፤ በቆጠራ መዝገቡ ላይ ግን «የተበላሸ» ተብሎ ነው የተጻፈው።

የእናንተዋም ቆልፋ ከሆነ አትጥያት። መታወቂያሽን አስይዢ፣ ባልሽው ቀን መልሺ። ሦስት ጊዜ በቀኑ ለመለሰች ልጅ የማይከፈት ቁም ሣጥን የለም።

4. የማታውቂው መደርደሪያ ጋ ሂጂ። መጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የተለጠፉት ቁጥሮች ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው አከፋፈል ናቸው፤ 500 ሳይንስ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ። 598 ወፎች ናቸው። በእርዳታ ከውጭ የመጣ የወፍ መጽሐፍ ካላችሁ፣ ግማሹ እዚህ አገር የማይኖር ወፍ ይሆናል። ቢሆንም አንድ ጊዜ ማየት የለመደ ዓይን፣ የደሴን ወፎችም ማየት ይጀምራል።

5. ጮክ ብለሽም አንብቢ። በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ደረጃ ነበረው፤ ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። ሁሉም በድምፅ ነው፤ ዓይን ብቻውን አያነብም ነበር። እኔ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያገኘሁት ከወረቀት ሳይሆን ከሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ፕሮግራም ላይ ሲተርከው፣ እናቴ ምጣዱን ከእሳት አውርዳ ነበር የምታዳምጠው። ለመጽሐፉ ጀግና ለበዛብህ ያለቀሰችው ለዘመድ ያላለቀሰችውን ነው። ማታ ማታ ለትንሹ ወንድምሽ አሥር ደቂቃ አንብቢለት። ሚኒ ሚዲያ ክበብ ለመግባት ካሰብሽም ልምምድ ይሆንሻል፤ ካላሰብሽም ልጁ ይተኛል።

6. ለእጅሽም ሥራ ስጪው። አባቴ የሞቱ ዓመት መጽሐፍ ማንበብ አቃተኝ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አነብና ምን እንዳለ አላውቅም። ያኔ ነው ዳንቴል የጀመርኩት። ዳንቴል ቆጠራ ነው፤ አምስት ሰንሰለት፣ ሦስት ዓምድ፣ ዞር በይ። እየቆጠርሽ ሌላ ማሰብ አትችይም፤ ከተሳሳትሽም ክሩን ትስቢውና ይፈታል፣ ማንም አያውቅም። በሦስተኛው ወር ወደ መጽሐፍ ተመለስኩ። አንቺ ዳንቴል ካስጠላሽ ዳማ ተጫወቺ፤ ለእያንዳንዱ ወገን 12 ቆርኪ፣ አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ማስመር ነው፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

7. ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ አለ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። አለ። ያለ ደራሲው ፈቃድ የተለቀቀውን ስታነቢ ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ በሕይወት እንዳሉ አስቢ። ማታ በአልጋሽ ላይ ግን ወረቀት ይሻላል፤ መጽሐፍ መልእክት አይመጣበትም።

8. መጽሐፍ ሁሉን አያቀልም። እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ እህል ካስጠላሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካልጣመሽ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ «ሳነብ ይለቀኛል» ብለሽ አትጠብቂ። ለእናትሽ ንገሪያት። እሷን ከፈራሽ ለእኔ ሚስኮል አድርጊ፤ እደውላለሁ። ሐኪም ዘንድ መሄድ ቢያስፈልግ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ለማንም አላወራም።

9. ክረምት ላይ አዲስ አበባ ነይ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ እወስድሻለሁ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ እኔ ሥራዬን ከመጀመሬ በፊት እዚያ እየተቀመጥኩ አነብ ነበር። አራት ኪሎ አብርሆትንም ታያለሽ፤ ትልቅነቱ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ መስኮት ዳር ወንበር ስታገኚ ይለቅሻል።

እስከዚያው የራሴን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሰው ልኬልሻለሁ፤ ክርና ኪሮሹም አብሮ አለ። በጋዜጣ ለብጄዋለሁ። መሀል ላይ የቡና ጠብታ ታገኛለሽ፤ ጉዱ ካሳ የሚናገርበት ቦታ ነው፣ ስስቅ ያፈሰስኩት።

አክስትሽ