ለቅሶ ቤት የገባ ገንዘብ ትርፍ አይደለም

አንድ የመርካቶ ነጋዴ በድንገት ሞተ እንበል፡፡ በሕይወት ሳለ ከሱቁ በወር 60,000 ብር እያወጣ ባለቤቱን፣ ሦስት ልጆቹን፣ አገር ቤት ያሉትን እናቱንና ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወንድሙን ያኖር ነበር፡፡ አርባው ከወጣ በኋላ ከመድን ድርጅት 5 ሚሊዮን ብር ለባለቤቱ ተከፈለ፡፡ ሰፈሩም “እሱ ቢሞትም ቤቱን አቁሞ ሄደ” አለ፡፡

ሂሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነው፡፡ ቤተሰቡ እንደ ቀድሞው በወር 60,000 ብር ካወጣ የዓመት ወጪው 720,000 ብር ይሆናል፡፡ በዚህ አካሄድ 5 ሚሊዮኑ 7 ዓመት አይደርስም፡፡ የመጨረሻው ልጅ ዛሬ 4 ዓመቱ ከሆነ 11 ዓመት ሳይሞላው ገንዘቡ ያልቃል ማለት ነው፡፡ ገንዘቡ ባንክ ገብቶ በ7 በመቶ ቢወልድ እንኳ የመጀመሪያው ዓመት ወለድ 350,000 ብር ብቻ ነው፡፡ ይህም የወጪውን ግማሽ አይሞላም፡፡ የዋጋ ንረት ገና አልተነሳም፡፡

ሟቹ 20 ዓመት ቢሠራ ኖሮ ለቤቱ 14.4 ሚሊዮን ብር ያመጣ ነበር፡፡ ስለዚህ ሰፈሩ “ሀብታም ሆነ” ያለው ቤተሰብ በእርግጥ የደኸየ ቤተሰብ ነው፡፡ የተከፈለው የቆመ ገቢ ምትክ፣ ያውም የምትኩ ከፊል ነው፡፡ ብዙ ቤቶች የሚጎዱት ይህን ልዩነት ሳያዩ ገንዘቡን እንደ ሎተሪ ዕጣ በመቁጠራቸው ነው፡፡

በልብ የሚያዝ መዝገብ

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጥናት ሰው ፍጆታውን የሚወስነው ዛሬ በእጁ በገባው ሳይሆን ዘላቂ ነው ብሎ በሚገምተው ገቢ ነው ብሎ ነበር፡፡ በኋላ የተነሱት እነ ሪቻርድ ቴለር ደግሞ ሰው ገንዘብን ሁሉ እኩል እንደማያይ አሳይተዋል፡፡ ደመወዝን፣ ስጦታንና ዕጣን ለየብቻ መዝግቦ ይይዛል፤ የሚያወጣውም ከየት እንደመጣ እያየ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2009 ሌቫቭና ማግሮ ያወጡት ጥናት ከመጥፎ ስሜት ጋር የተገኘን ገንዘብ ሰዎች ለደስታ ከማዋል እንደሚሸሹና “በጎ” ለሚሉት ነገር ማዋል እንደሚመርጡ አመልክቷል፡፡

በእኛም ለቅሶ ቤት ይኸው በሁለት መልክ ይታያል፡፡ አንዷ እናት “የልጄ የደም ገንዘብ ነው፤ አልነካውም” ብላ ወለድ በማይከፈልበት ሂሳብ ትተወዋለች፡፡ ሌላው ቤት ደግሞ በተዝካር፣ በእብነበረድ ሐውልትና ለዘመድ በሚሰጥ ገንዘብ በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል፡፡ ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሳቸው ሐዘን ነው፤ አንዱም ስግብግብነት የለበትም፡፡ ገበያው ግን ለሐዘን አይራራም፡፡ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፡፡ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፡፡ ያልተነካው የደም ገንዘብ በተቀመጠበት ቀልጧል፡፡

መጠኑ ሲለያይ

ከገንዘቡ ማነስ ይልቅ አከፋፈሉ ቤተሰብን እንደሚለያይ በሰፊው የታየው በአሜሪካ ነው፡፡ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. በኒውዮርክና በዋሽንግተን በደረሰው ጥቃት ለሞቱት ቤተሰቦች መንግሥት የካሳ ፈንድ አቋቁሞ ኬኔት ፋይንበርግ የተባሉ የሕግ ባለሙያ እንዲያስተዳድሩት አደረገ፡፡ ፈንዱ በ33 ወራት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ፡፡ ሕጉ የሟቹ ገቢ እንዲሰላ ያዝዝ ስለነበር አንዱ ቤተሰብ 250,000 ዶላር ሲያገኝ ሌላው ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አገኘ፡፡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሚስት “የኔ ባል ሕይወት ከባንክ ሠራተኛው በምን ያንሳል?” ማለቷ አልቀረም፡፡ ፋይንበርግ በኋላ በጻፉት መጽሐፍ ለሁሉም እኩል መክፈል ይሻል እንደነበር ገልጸዋል፡፡

ፋይንበርግ ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ የደረሱበትን የእኛ እድር በመተዳደሪያ ደንቡ ከጻፈው ቆይቷል፡፡ እድር የሚከፍለው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለባለጠጋውም ለድሃውም እኩል፣ ክፍያውም ፈጣን ነው፡፡ ስለዚህም በእድር ገንዘብ የተጣላ ቤተሰብ እምብዛም አይሰማም፡፡

ሰባት ወር፣ ሁለት ዓመት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን 157 ሰዎች ሞቱ፡፡ ከእሱ በፊት በኢንዶኔዢያ ከወደቀው ተመሳሳይ አውሮፕላን ጋር የሟቾቹ ቁጥር 346 ደረሰ፡፡ ቦይንግ ከመደበው 50 ሚሊዮን ዶላር ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 144,500 ዶላር እንዲደርስ የተወሰነው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ነበር፤ አስተዳዳሪውም ያው ፋይንበርግ ነበሩ፡፡ ኩባንያው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት ደግሞ ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፡፡ ለ346 ሲካፈል ወደ 1.45 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል፡፡ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ቦይንግ በቢሾፍቱው አደጋ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ኃላፊነቱን መቀበሉ በፍርድ ቤት ተመዘገበ፡፡

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ካሳ አንድ ቀን የሚገባ ገንዘብ አለመሆኑ ነው፡፡ ከፊሉ በወራት፣ ከፊሉ በዓመታት ይመጣል፡፡ “ሊገባ ነው” በሚባል ገንዘብ የሚበደር፣ ቤት ቀብድ የሚከፍል፣ ለዘመድ ቃል የሚገባ ቤተሰብ ገንዘቡ ሲደርስ ባለዕዳ ሆኖ ይጠብቀዋል፡፡

ሦስት ኪስ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟችን ገንዘብ በአንድ ኪስ አያስቀምጥም፡፡ ንግዱ፣ ቤቱና ተቀማጩ በመጀመሪያ ከሚስት የጋራ ድርሻ ይለያል፤ የሟቹ ድርሻ ውርስ ይሆናል፡፡ ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ ልጆች ናቸው፤ ልጅ ካለ አባትና እናት አይወርሱም፡፡ ተጠቃሚው በስም የተጻፈበት የሕይወት መድን ለተጠቃሚው ነው፤ ስም ካልተጻፈ ግን ውርስ ውስጥ ይገባል፡፡ በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ካሳ ደግሞ የውርስ አካል አይደለም፡፡ ለባልና ሚስት፣ ለወላጆችና ለተወላጆች በየራሳቸው ጉዳት ልክ የሚታይ ነው፡፡ ሕጉ ይህን ካሳ በመተዳደሪያ ቀለብ መልክ ማሰቡም ልብ ሊባል ይገባል፡፡ የቆመ ገቢ ምትክ መሆኑን ሕግ አውጪው ቀድሞ አይቶታል፡፡

ከላይ የተጠቀሱት የነጋዴው እናት የውርስ መብት የላቸውም፤ ልጃቸው የሞተው በሌላ ሰው ጥፋት ከሆነ ግን ካሳ ሊጠይቁ ይችላሉ፡፡ ምራትና አማት ይህን ሳያውቁ ሦስቱን ኪስ በአንድ ሲደባልቁ እርሷ “ልጆቼን ሊቀሙ”፣ እርሳቸው “የልጄን ላብ በላች” ይባባላሉ፡፡

ለነጋዴውና ለደላላው

በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሟቹ ባለዕዳዎች ሲጠፉ አበዳሪዎቹ ቶሎ ይታወሳሉ፡፡ የቃል ብድር ባለበት ገበያ ማስረጃው ከሟቹ ጋር ይቀበራል፡፡ ስለዚህ ሰጪም ተቀባይም ዱቤውን በጽሑፍ ይያዝ፡፡ መድን የገባ ሰው የተጠቃሚውን ስም ይጻፍ፤ ልጅ በተወለደ ቁጥርም ያድስ፡፡

ገንዘብ የደረሰው ቤተሰብ የስድስት ወር አስቤዛና የትምህርት ቤት ክፍያ ነጥሎ ቀሪውን በጊዜ ገደብ ተቀማጭ ያስቀምጥ፡፡ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ ቤት አይሽጥ፣ አይግዛ፣ ለማንም ዋስ አይሁን፡፡ የልጆች ድርሻ በልጆች ስም ይሁን፡፡ ዘመድ የሚረዳበት መጠን አንድ ጊዜ በሽማግሌ ፊት ተወስኖ ይጻፍ፡፡

“ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ” እንዲሉ፣ ለባልቴት ከአርባው በፊት የሚቀርብ የመሬትና የመኪና “ዕድል” ጨዋ ደላላ የሚያቀርበው አይደለም፡፡ መሬቱ ጥሩ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመትም ጥሩ መሬት ይገኛል፡፡ የሟቹ 60,000 ብር ግን ተመልሶ አይመጣም፡፡