ስምና ባለድርሻ፤ ስለ «ሊኑክስ» ስም አወጣጥ አጭር ጥናት

በአገራችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። አባባሉ ስም አውጪውን ከሰማይ ስለሚያመጣው በምድር ላይ ሊነሣ የሚችለውን ክርክር ያስቀርልናል። የሰው እጅ ለሠራው ነገር ግን ስም የሚያወጣለት ሰው ነው፤ ሰው ካወጣው ደግሞ «ለምን እንዲህ ተባለ? የኔስ ድካም ለምን ተረሳ?» የሚል አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም «ሊኑክስ» የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና ነው። እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስንሆን ስለ መሣሪያው አሠራር ሊቃውንት ነን አንልም፤ የስም ነገር ግን የቋንቋ ነገር ስለሆነ እኛንም ይመለከታል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።)

በመጀመሪያ ሥርዓተ ክወና ምንድን ነው? ኮምፒዩተር ብቻውን ብረትና ሽቦ ነው። የመሣሪያውን ጉልበት ለየሥራው የሚያከፋፍል፥ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንዲሠራ የሚወስን፥ በጣት የተጻፈውን ተቀብሎ በመስተዋቱ ላይ የሚያሳይ አንድ አዛዥ ያስፈልገዋል፤ ይህ አዛዥ ሥርዓተ ክወና ይባላል። ከዚህም ውስጥ ከመሣሪያው ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው ክፍል «ከርነል» ይባላል፤ እኛ አስኳል እንበለው። አስኳል ብቻውን እንቁላል እንዳይደለ ሁሉ ከርነልም ብቻውን ሙሉ ሥርዓት አይደለም። ወደፊት የምናየው ክርክር የሚመነጨው ከዚህች ልዩነት ነውና አንባቢ ይያዝልን።

ነገሩ የሚጀምረው ከ«ዩኒክስ» ነው። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪዎች የጀመሩት ይህ ሥርዓት ስሙ ራሱ ቀልድ ነበረበት። ከእርሱ በፊት «መልቲክስ» የተባለ ሰፊና ውስብስብ ሥርዓት ነበረ፤ «መልቲ» ብዙ ማለት ሲሆን «ዩኒ» ግን አንድ ማለት ነው። ከዚያ በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ ዩኒክስን የሚመስል፥ ነገር ግን ማንም ሰው ሊሠራበት፥ ሊመረምረው፥ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው ነፃ የሚሆንበትን ሙሉ ሥርዓት ለማዘጋጀት መነሣቱን አስታወቀ። ስሙንም «ግኑ» አለው፤ ሲተነተን «ግኑ ዩኒክስ አይደለም» ማለት ነው። ፍቺው ራሱን ስሙን መልሶ ስለሚጠራ ማብቂያ የለውም። እስከ 1990ዎቹ መግቢያ ድረስ ስቶልማንና ባልንጀሮቹ አብዛኛውን ዋና ዋና ክፍል ሠርተው ነበር፤ የቀራቸው አስኳሉ ነበር።

ያን አስኳል የሠራው የኛ ቢጤ ተማሪ ነው። በ1991 በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ለግል ኮምፒዩተሩ አንድ ከርነል ጻፈ። «ሊኑክስ» የሚለው ስም ወደ አሳቡ መጥቶለት ነበር፤ ነገር ግን ከራሱ ስም የተቀዳ ስለሆነ ራስን ማወደስ ይሆንብኛል ብሎ ተወው። በምትኩ «ፍሪክስ» ሊለው አሰበ፤ ይኸውም ነፃ ከሚለውና በአንድ ነገር ከልክ በላይ ከተጠመደ ሰው መጠሪያ፥ እንዲሁም ከዩኒክስ የመጨረሻ ፊደል የተገጣጠመ ነው። ሆኖም ሥራውን ሌሎች እንዲያገኙት በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ያስቀመጠለት አሪ ሌምኬ ይህን ስም አልወደደውም። ስለዚህ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የማኅደሩን ስም «ሊኑክስ» ብሎ ጻፈው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ትሕትና ያስቀረው ስም በባልንጀራ እጅ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። በዚህ ብቻ ቢቆም ኖሮ ጥሩ ወግ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ሰዎች አስኳሉን ከግኑ ክፍሎች ጋር አጣምረው ሙሉ ሥርዓት ሲያደርጉት ሙሉውንም «ሊኑክስ» ይሉት ጀመር። በዚህ ጊዜ ስቶልማን ተቃወመ። ሥርዓቱ «ግኑ ሊኑክስ» መባል አለበት አለ። ምክንያቱም ሁለት ነው፤ አንደኛው፥ ከ1991 በፊት ለዓመታት የደከሙት ሰዎች ከስሙ ውስጥ መውጣት የለባቸውም የሚል ነው። ሁለተኛው ይበልጣል፤ የግኑ ስም ሲጠፋ ሥራው የተጀመረበት የነፃነት ዓላማ አብሮ ይረሳል የሚል ነው።

የተሰጠው መልስም ቀላል አልነበረም። አንዳንዶች ስሙ ረዝሞ ለአፍ አይመችም አሉ። ሌሎችም ባለድርሻ ሁሉ በስሙ ይግባ ከተባለ መስኮቶችን የሚሥለውን ክፍል የሠሩትስ ወዴት ይሂዱ? ብለው ጠየቁ። ስቶልማን ለዚህ ሲመልስ፥ ሌሎቹ አንዳንድ ክፍል አዋጡ፤ ግኑ ግን ሙሉ ሥርዓት ለመሥራት የተነሣ ነው አለ። ዴቢያን የተባለው ስብስብ የስቶልማንን አሳብ ተቀብሎ በስሙ ላይ ግኑን ጨመረ። ቶርቫልድስ በበኩሉ፥ ግኑ የራሱን ስብስብ ቢያዘጋጅ እንዲያ ቢባል ተገቢ ነው፤ ሁሉን በጅምላ እንዲያ ማለት ግን አይገባም የሚል አሳብ ሰጠ።

ስም ሀብትም መሆኑን የሚያሳይ ሌላ ነገር በመካከሉ ተፈጸመ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ አንድ ሰው «ሊኑክስ» የሚለውን ስም በራሱ የንግድ ምልክትነት አስመዘገበ፤ ከሚጠቀሙበትም ድርጅቶች ክፍያ ጠየቀ። ከክርክር በኋላ ምልክቱ በ1997 ለቶርቫልድስ ተላለፈ።

በ2004 ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ከዴቢያን ላይ ተነሥቶ አዲስ ሥርዓት ሲያወጣ ግኑንም ሊኑክስንም ትቶ «ኡቡንቱ» አለው። ቃሉ ዙሉንና ኾሳን ከመሰሉ ቋንቋዎች የተወሰደ ሲሆን ሰው ሰው የሚሆነው በሰዎች ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይይዛል፤ በ1993 በደቡብ አፍሪካ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ውስጥም ገብቷል። ይህንን ስም ብዙዎች ሲወዱት፥ «ዴቢያንን ማስተካከል ያልቻለ ማለት ነው» እያሉ የቀለዱበትም አልጠፉም። ቀልዱን ሰምተን ስቀናል፤ ነገር ግን ለአንድ አፍሪካዊ ቃል ፍቺውን ሳይጠይቁ የፈለጉትን ፍቺ መስጠት እንዴት ቀላል እንደሆነ ስናስብ ሳቃችን ያጥራል። እኛ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የምንል ሰዎች ቃሉን ባንናገረውም አሳቡን እናውቀዋለን።

እንግዲህ ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ትክክል ነው? በኛ አስተያየት ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ስም አጭር ካልሆነ አይጠራም፤ አጭር ስም ግን ሁሉን አይሸከምም። ስለዚህ ስሙ የማይችለውን ሸክም ሌላ ነገር ሊሸከምለት ይገባል።

ይህን የምንለው ከራሳችን ስለደረሰ ነው። ባለፈው ዓመት አምስት ሆነን አንድ ጥናት አዘጋጀን። በክፍል ፊት ያነበበው አንደኛችን ስለነበረ ሥራው በእርሱ ስም ይጠራ ጀመር። እርሱ አልጠየቀም፤ ነገር ግን «የአምስታችን ነው» ብሎ አላረመም፤ እኛም ዝም አልን። ከመካከላችን ሌሊቱን ከመጻሕፍት ማስታወሻ ሲለቅም ያደረው ባልንጀራችን ዘንድሮ ከኛ ጋር አይሠራም። ለምን እንደሆነ አልነገረንም፤ እኛ ግን እናውቀዋለን። ጥፋቱ በአንድ አፍ የተሠራ ሳይሆን በአምስት ዝምታ የተሠራ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ አሳብ እናቀርባለን። በዚህች መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ የጸሐፊዎቹ ብቻ ሳይሆን የተየቡት፥ ያረሙት፥ ያባዙትና ገጹን የሰፉት ሁሉ ስም ይውጣ። የሚፈጀው ግማሽ ገጽ ቢሆን ነው። ለባልንጀራችንም ስሙን በጥናቱ ላይ ከሁሉ አስቀድመን ጽፈን አንድ ቅጂ እንወስድለታለን፤ ይህን ከማድረጋችን በፊት ግን እንደ አሪ ሌምኬ ሳይሆን፥ ፈቃዱን እንጠይቀዋለን።