ኮምፒዩተርና የጥንት መጻሕፍት



የዚህ መጽሔት አዘጋጆች፥ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪ እንደ መሆኔ መጠን፥ ስለ ዶክትሬት ትምህርቴ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ጠይቀውኛል። የማጠናው የጥንት ግሪክኛንና ግዕዝን ነው፤ መሣሪያዬም ኮምፒዩተር ነው። ይህ ዐይነቱ ጥናት ዲጂታል ሂዩማኒቲስ ይባላል። ብዙ ሰዎች «ሥራውን ሁሉ ኮምፒዩተር ከሠራልህ አንተ ምን ትሠራለህ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፥ እርሱኑ ላጫውታችሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ሥራው አጀማመር ጥቂት ልበል፤ የምጠቅሳቸውም ዘመናት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። ኢጣሊያዊው ካህን ሮቤርቶ ቡዛ የዶክትሬት ተማሪ በነበሩ ጊዜ የቶማስ አኲናስን የላቲን ድርሰቶች ይመረምሩ ነበር። ጥናታቸው «ኢን» በምትባል፥ ትርጓሜዋም «ውስጥ» በሆነ ታናሽ ቃል ላይ ስላደረሳቸው፥ ቃሏ ያለችበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በ10,000 ካርዶች ላይ በእጃቸው ገለበጡ። ከዚህም በኋላ የድርሰቶቹን ቃላት ሁሉ ለመመዝገብ ስላሰቡ፥ በ1949 ወደ ኒው ዮርክ ሄደው የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ መሪ የነበሩትን ቶማስ ዋትሰንን እርዳታ ለመኑ። ቃላቱ በሚበሱ ካርዶች ላይ ተመዘገቡ፤ ካርዶቹንም የሚበሱት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። የሥራው ፍሬ ከ1974 እስከ 1980 ድረስ በ56 ቅጽ ታተመ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ፍለጋ በጥቂት ሰኮንድ ይፈጸማል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1972 የተጀመረው የግሪክኛ ጽሑፎች መዝገብ ከሆሜር ዘመን ጀምሮ ያለውን ሀብት ሰብስቧል። ኦጉስት ዲልማን በ1865 ያሳተሙት የግዕዝ መዝገበ ቃላትም በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ድካም በኮምፒዩተር የሚፈለግ ሆኗል።

እንግዲህ ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ አንድ መጽሐፍ እመረምር ነበር። ግሪክኛው ስለ ፀሐይ መውጣት የሚናገርበትን ቦታ ሁሉ ተርጓሚው በምን ግስ እንደ መለሰው ለማወቅ ፈለግሁ። በግዕዝ ፀሐይ ሲወጣ «ሠረቀ» ይባላል፤ «ምሥራቅ» የሚለውም ቃል የወጣው ከዚሁ ነው። ከብራናው የተገለበጠውን ጽሑፍ በኮምፒዩተር ፈለግሁት፤ «አልተገኘም» አለኝ። እኔም አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ እጅግ ደስ አለኝ፤ «ተርጓሚው ይህን ግስ ከቶ አያውቀውም» ብዬ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጻፍሁ።

ጽሑፉን ለአስተማሪዬ ባሳያቸው ምንም ሳይናገሩ የብራናውን ፎቶግራፍ አወጡና ጣታቸውን አንድ መሥመር ላይ አኖሩ። «ይህስ ምንድር ነው?» አሉኝ። ባየው ቃሉ በቦታው ተቀምጧል፤ ጸሐፊው ግን በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ አግብቶ «ሰረቀ» ብሎታል። ለካ እኔ ብራናውን ራሱን አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላነበብሁም ነበር! አፍሬ አቀረቀርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ንጉሡ ሠ 4640፥ እሳቱ ሰ 4656 ሆኑ። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ሁለት ፊደላት ለኮምፒዩተሩ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ናቸው። ስለዚህ ሠንና ሰን፥ ሀን፥ ሐንና ኀን፥ አንና ዐን፥ ጸንና ፀን እንደ አንድ እንዲቈጥር አዘዝሁት። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ «ሰረቀ» በግዕዝም እንደ አማርኛው የሌባ ሥራ ስለ ሆነ፥ ከፀሐዩ ጋራ ሌቦች ሁሉ ተሰልፈው መጡ። ፀሐዩን ከሌባው የምለየው ዐረፍተ ነገሩን አንድ በአንድ በማንበብ ብቻ ሆነ።

ችግሩ የኛ ቋንቋ ብቻ አይደለም። በላቲን «ፌሮ» ማለት «እሸከማለሁ» ነው፤ «ተሸከምሁ» ግን «ቱሊ» ይባላል። ሰዋስው ያልተማረ ኮምፒዩተር «ፌሮ»ን ሲፈልግ «ቱሊ»ን አልፎት ይሄዳል።

በመጨረሻ ምዕራፉን ቀድጄ እንደ ገና ጻፍሁት፤ ተርጓሚው ግሱን አሳምሮ ያውቀው ኖሯል። «አንተ ምን ትሠራለህ?» ለሚሉኝም መልሴ «አነባለሁ» የሚል ሆነ። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፥ ኮምፒዩተር «አልተገኘም» ሲላችሁ «የለም» ማለቱ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ ጠየቃችሁት አላገኘውም ማለት ብቻ ነው። አስተማሪዎቻችሁም «ሥዕል» በንጉሡ ሠ፥ «ስእለት» በእሳቱ ሰ ይጻፋል ብለው ሲያርሟችሁ አትሰልቹ። ያን እርማት በጊዜው ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ፥ እኔም አንድ ምዕራፍ ባልቀደድሁ ነበር።