ልብስ ሰፊውና ቴሌቪዥኑ

ልጆች ሆይ፥ ገንዘብ የበዛለት ሰው ዕቃ ሲገዛ ቢሳሳት ስሕተቱን በሌላ ገንዘብ ያርመዋል። ገንዘቡ ጥቂት የሆነ ሰው ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ብዙ ወራት ይጸጸታል። ስለዚህ ገንዘቡ ያነሰ ሰው አሳቡን ማብዛት ይገባዋል። ይህንንም እንድታስተውሉ ስለ አንድ ልብስ ሰፊ እንነግራችኋለን፤ አስቀድሞ ግን ስለ ቴሌቪዥን ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ቴሌቪዥን ማለት በሩቅ የሚደረገውን ነገር ምስሉን ከድምፁ ጋራ ወደ ቤት የሚያመጣ መሣሪያ ነው። ጆን ሎጊ ቤርድ የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1926 ዓመት በለንደን ከተማ ሠርቶ ለሊቃውንት አሳየ። በኢትዮጵያም የቴሌቪዥን ስርጭት በ1957 ዓመተ ምሕረት ተጀመረ። በዚያ ዘመን የነበረው ቴሌቪዥን ጀርባው እንደ ሣጥን የወፈረ ነበረ፤ የገጹም ወርድ 4 እጅ ቢሆን ቁመቱ 3 እጅ ነበረ። ዛሬ የሚሸጠው ግን ጀርባው ቀጭን ነው፤ የገጹም ወርድ 16 እጅ ቢሆን ቁመቱ 9 እጅ ነው። ሰፊ ገጽ መባሉም ስለዚህ ነው።

በድሮው ልክ የተነሣ ምስል በሰፊው ገጽ ላይ ሲወጣ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ ይተዋል። ይህ ብልሽት አይደለም። ገጹን ለመሙላት ብለው ምስሉን ወደ ጐን ቢለጥጡት ግን ቀጭኑ ሰው ወፍራም፥ ክቡም ኳስ እንቍላል ይመስላል።

የቴሌቪዥን መጠን የሚነገረው በኢንች ነው፤ 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው። የሚለካውም ከታችኛው ማዕዘን እስከ ላይኛው ተቃራኒ ማዕዘን በሰያፍ ነው እንጂ በወርዱ አይደለም። ስለዚህ 43 ኢንች የተባለው በሰያፉ 109፥ በወርዱ 95፥ በቁመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። 55 ኢንች የተባለውም በሰያፉ 140፥ በወርዱ 122፥ በቁመቱ 69 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ሚስትና ሁለት ልጆች፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ነበሩት። የቤታቸው አሮጌ ቴሌቪዥን ተቃጥሎ ስለ ነበረ፥ ልብስ ሰፊው ዕቁብ በደረሰው ጊዜ ሌላ ሊገዛ አሰበ። ነገር ግን ከዕቁቡ ገንዘብ ላይ አስቀድሞ የቤቱን ኪራይና የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ አንሥቶ ለብቻው አኖረ፤ የቀረውንም ቈጠረ።

ወንዱ ልጅ፥ «አባባ፥ እባክዎ 55 ኢንች ይግዙልን። የጎረቤታችን ቴሌቪዥን 55 ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ኳስ ለማየት ወደዚያ ነው የሚሄዱት» አለ።

አባቱም፥ «ልጄ፥ ለአንተ ሱሪ ስሰፋ የማንን ወገብ እለካለሁ?» ብሎ ጠየቀው።

«የእኔን» አለ ልጁ።

«እንግዲያውስ ለቤታችን ዕቃ ስንገዛ የማንን ቤት እንለካለን?»

ልጁም የሚመልሰው አጥቶ ዝም አለ።

ልብስ ሰፊው የሥራ ሜትሩን አምጥቶ ቤቱን ይለካ ጀመር። ቴሌቪዥኑ ከሚቀመጥበት ግድግዳ እስከ መቀመጫቸው 2 ሜትር ሆነ። በመስኮቱና በቁም ሣጥኑ መካከል ያለው ባዶ ግድግዳ 1 ሜትር ከ10 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚህ በኋላ ለልብስ ንድፍ ከሚያኖረው ወረቀት አንዱን በ43 ኢንች ልክ፥ ሁለተኛውን በ55 ኢንች ልክ ቈርጦ በየተራ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ትልቁ ወረቀት ባዶውን ቦታ አልፎ መስኮቱን ሸፈነ፤ ትንሹ ግን በልኩ ገባ።

ስለ ርቀትም እንዲህ ያለ ልማድ አለ። ተመልካች ከቴሌቪዥኑ የሚርቀው ከሰያፉ አንድ ዕጥፍ ተኩል ባያንስ፥ ከሁለት ዕጥፍ ተኩልም ባይበልጥ መልካም ነው። ለ43 ኢንች ይህ ርቀት ከ1 ሜትር ከ64 እስከ 2 ሜትር ከ73 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የልብስ ሰፊው ቤት 2 ሜትር ስለ ሆነ፥ 43 ኢንች ለቤቱ የተሰፋ ያህል ነበረ።

ቀጥሎም በትንሹ ወረቀት ላይ፥ ከምስል በታች እንደሚያልፈው ያለ ጽሕፈት ጻፈና፥ ልጆቹ ከመቀመጫቸው ሆነው እንዲያነቡት አዘዛቸው። ወንዱ ሳይደናቀፍ አነበበ። ልጅቱ ግን ዐይኗን አጥብባ ብዙ ቈየችና፥ «አይታየኝም» አለች። አንድ እርምጃ ቀረበች፤ አሁንም አልታያትም። ወረቀቱ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ብቻ አነበበችው።

እናቷ ደንግጣ፥ «ሁልጊዜ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተለጥፈሽ የምትቀመጪው ለዚህ ኖሯል! እኔ ግን እልኸኛ መስለሽኝ እቈጣሽ ነበር» አለች። ልጅቱም አንገቷን ደፍታ፥ በትምህርት ቤትም ጥቁር ሰሌዳው እንደማይታያት፥ ከጓደኛዋም ደብተር እየገለበጠች እንደ ኖረች ነገረቻቸው።

በዚያች ማታ ባልና ሚስት ተማከሩ። 55 ኢንች ቢገዙ ለዐይን ሐኪምና ለመነጽር የሚተርፍ ገንዘብ አይኖርም። በልኩ የሆነውን ቢገዙ ግን ለሁለቱም ይበቃል። ይህንንም ቈርጠው ተኙ።

በማግሥቱ ልብስ ሰፊው ከወንድ ልጁ ጋራ ወደ መርካቶ ሄደ። በሱቁ ውስጥ ብዙ ቴሌቪዥን ተደርድሮ ሲያበራ ባየ ጊዜ ልጁን ዐይን ዐዋጅ ሆነበት። ባለ ሱቁም አንዱን ትልቅ አሳይቶ፥ «ጋሼ፥ ይህን 55 ኢንች ፎር ኬ ይውሰዱ፤ ገንዘቡ ቢጐድል ግማሹን ቀስ ብለው ይከፍላሉ» አለ።

ልብስ ሰፊውም፥ «ወንድሜ፥ ስለ ቸርነትህ አመሰግንሃለሁ። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ቤቴ ሲገባ ዕዳውም አብሮ ይገባል፤ እኔ ደግሞ ለሁለቱ የሚሆን ቦታ የለኝም። ይልቅስ 43 ኢንቹን አሳየኝ» አለው።

ባለ ሱቁ ሁለት 43 ኢንች አቀረበ፤ አንዱ ፉል ኤች ዲ፥ ሁለተኛው ፎር ኬ ነበረ። የፎር ኬው ዋጋ ይበልጣል። ልዩነታቸውም ይህ ነው። የቴሌቪዥን ምስል የሚሠራው ከጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው። ፉል ኤች ዲ በወርዱ 1,920፥ በቁመቱ 1,080 ነጥብ አለው፤ በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን ይበልጣል። ፎር ኬ ደግሞ በወርዱ 3,840፥ በቁመቱ 2,160 አለው፤ በጠቅላላው ከ8 ሚሊዮን ይበልጣል። ነገር ግን የሰው ዐይንም ልክ አለው። ጤነኛ ዐይን 1 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ያህል ከራቀ በኋላ የ43 ኢንች ፉል ኤች ዲ ነጥቦችን ለይቶ ማየት አይችልም። ነጥቡ ቢበዛም ከዚያ ርቀት ላይ ለዐይን የሚጨምረው የለም። ዳግመኛም በዲሽ የሚመጣው ስርጭት ብዙው ፎር ኬ አይደለም።

ልብስ ሰፊው፥ «አሁን ያለው ብርሃን ለሱቅ የተደረገ ነው፤ እባክህ እንደ ቤት አድርግልኝ፤ የዘወትሩንም ስርጭት በሁለቱ ላይ ክፈትልኝ» አለ። በሱቅ ያለ ቴሌቪዥን ገዢ እንዲስብ ብርሃኑና ቀለሙ ከልክ በላይ ከፍ ይደረጋልና። ብርሃኑ ዝቅ ባለ ጊዜ ቀድሞ የሚያስደንቁት ሁሉ ተመሳሰሉ። ከዚያም ወለሉ ላይ 2 ሜትር ለክቶ ልጁን አቆመውና፥ «የትኛው ይበልጣል?» አለው። ልጁ ብዙ ተመልክቶ፥ «አልለየሁትም» አለ። አባቱም፥ «ዋጋቸው እኩል ቢሆን ፎር ኬውን እንወስድ ነበር፤ ለማይታየን ነገር ግን ገንዘብ አንጨምርም» አለ።

ከዚህ በኋላ ሌላውን ነገር መረመረ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰማ፤ ጀርባው የቀጠነ ቴሌቪዥን ድምፁ ደካማ ሊሆን ይችላልና። ገጹን ነጭ አስደርጎ የሞተ ነጥብ እንዳለበት ፈለገ። ለሪሲቨሩ ገመድ የሚሆን ኤች ዲ ኤም አይ ቀዳዳ እንዳለው አየ። ስማርት የተባለው ኢንተርኔት ስለሚሻ፥ በቤታቸውም ኢንተርኔት ስለሌለ፥ ስለ እርሱ ዋጋ አልጨመረም። በጀርባው የተጻፈውንም አነበበ፤ 60 ዋት ይላል። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል ብሎ አሰበ። በመጨረሻም ዋስትናውን በጽሑፍ፥ ደረሰኙንም በእጁ ተቀበለ። በሰፈራቸው የኤሌክትሪኩ ኀይል ከፍ ዝቅ ስለሚል፥ አሮጌውም የተቃጠለው በዚሁ ምክንያት ስለ ነበረ፥ ስታብላይዘር ጨምሮ ገዛ።

በሳምንቱ ልጅቱ ወደ ዐይን ሐኪም ተወሰደች፤ መነጽርም ተሠራላት። በዚያች ማታ ከወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ፥ ከምስሉ በታች የሚያልፈውን ጽሕፈት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። እናቷም ሥራዋን አቁማ ሰማቻት። በማግሥቱ በትምህርት ቤት ከጥቁር ሰሌዳው የገለበጠችው በገዛ ዐይኗ አይታ ነበር። ወንዱም ልጅ ስለ 55 ኢንች ዳግመኛ አላነሣም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁንና ገንዘባችሁን ለኩ። ደግሞም በቤታችሁ ከዕቃው የሚብስ ችግር ያለበት ሰው እንዳለ መርምሩ፤ ልብስ ሰፊው ወረቀቱን ባይለጥፍ ኖሮ የልጁ ዐይን መድከሙን ማን ያውቅ ነበር? ከማን አንሼ ብሎ የሚገዛ ሰው የሚለካው የጎረቤቱን ቤት ነው፤ የሚከፍለው ግን ከራሱ ቤት ነው።

ጥያቄ

1. የቴሌቪዥን መጠን የሚለካው በየት በኩል ነው?
2. ልብስ ሰፊው ወረቀት ቈርጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ለምንድር ነው?
3. ልጅቱ ሁልጊዜ ከቴሌቪዥኑ ሥር የምትቀመጠው ለምን ነበር?
4. ልብስ ሰፊው በሱቁ ውስጥ ብርሃኑ ዝቅ እንዲል የጠየቀው ስለ ምን ነው?
5. 50 ኢንች የተባለ ቴሌቪዥን በሰያፉ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሆናል? አስሉ።